የመጀመሪያው ገጽ ዋጋና የመጨረሻው ገጽ ዋጋ፦ ሰባት ዓመት በአንድ ርካሽ አየር መንገድ

ደሴ ውስጥ ሸዋ በር አካባቢ የሴቶችና የልጆች ልብስ እሸጣለሁ። በዓመት አራት አምስት ጊዜ ወደ አንዲት የባሕረ ሰላጤ ከተማ እሄዳለሁ፤ እዚያ ናሙና አያለሁ፣ ዋጋ እነጋገራለሁ፣ ዋናው ጭነት በመርከብ እስከ ጅቡቲ፣ ከዚያም በመኪና እስከ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ እንዲመጣልኝ አዛለሁ፤ ናሙናውንና ለሱቁ በአስቸኳይ የሚያስፈልገውን ጥቂት ዕቃ ደግሞ በሻንጣዬ ይዤ እመለሳለሁ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ይህን ጉዞ ያደረግኩት በአንድ ርካሽ አየር መንገድ ብቻ ነው። የድርጅቱን ስም አልጠራም። ይህ ግምገማ በዋናነት የሚመለከተው ከመስከረም 2017 እስከ ታኅሣሥ 2018 ዓ.ም. ያሉትን አሥራ ስድስት ወራት ሲሆን፣ በዚህ ጊዜ ሰባት ጊዜ ደርሶ መልስ በርሬ የከፈልኩትን እያንዳንዱን ሳንቲም፣ የተነሣሁበትንና የደረስኩበትን ሰዓት ጭምር ከሱቁ ሒሳብ ጋር በአንድ ደብተር መዝግቤአለሁ።

ስሜቴ እንዴት እንደተለወጠ ለማስረዳት መጀመሪያ ለምን እንደወደድኩት መናገር ይኖርብኛል። በ2011 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ትኬት ስቆርጥ ደርሶ መልሱ 245 ዶላር ነበር። በዚያ ዋጋ ውስጥ 30 ኪሎ ሻንጣና 7 ኪሎ የእጅ ዕቃ ይገባ ነበር። ምግብ አልነበረም፤ ውኃም ቢሆን በገንዘብ ነበር፤ ይህ ግን አስቀድሞ ተነግሮኝ ስለነበር ከቤቴ ዳቦ ቆሎ ቋጥሬ ገባሁ። ወጪዬን ገና ደሴ ሳለሁ እስከ መጨረሻው ብር ማወቅ እችል ነበር። ለነጋዴ ከዚህ የሚበልጥ ነገር የለም። ዋጋው ከፍ ያለ ከሆነ ዕቃው ላይ አስቤ እሸጠዋለሁ፤ ያልታወቀ ወጪ ግን የሚወጣው ከትርፌ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ከተማችን በጦርነቱ ተይዛ በነበረችባቸው ሳምንታት ሱቄ ባዶውን ቀረ። መደርደሪያው እንኳ አልተረፈም ነበር። ተመልሰን ስንገባ የዕቁብ ጓደኞቼ ተራዬ ሳይደርስ የመጀመሪያውን ዕጣ ለእኔ ሰጡኝ፤ በዚያ ገንዘብ ግማሹን ዕቃ ልገዛበት፣ ሩቡን የሱቁን በር ላሠራበት፣ የቀረውን ለጉዞ ላደርገው ነበር ያሰብኩት። ርካሹ አየር መንገድ ባይኖር ኖሮ የጉዞው ወጪ የዕቃውን ድርሻ ይበላው ነበር። በዚያው ጉዞ ስመለስ ሻንጣዬ ሚዛኑ ላይ 32 ኪሎ አሳየ። የሚመዝነው ልጅ ቀና ብሎ አየኝና «ሁለት ኪሎ ነው፣ ይለፍ» አለና መለያ ወረቀቱን ለጠፈበት። ምናልባት እሱ ይህን ነገር ያን ቀን ምሽት ረስቶታል፤ እኔ ግን ከዚያ በኋላ ለሦስት ዓመት የማውቀውን ነጋዴ ሁሉ፣ ከፒያሳም ከሰኞ ገበያም፣ ወደዚያ አየር መንገድ ስልክ ነበር።

ብዙ ሰዎች «ዋጋው ይህን ያህል ከቀነሰ አውሮፕላኑ ላይ አንድ የጎደለ ነገር አለ» ይሉኝ ነበር፤ እኔም ያን ጊዜ ነገሩን ለመረዳት ሞክሬአለሁ። አሠራሩ የተጀመረው አሜሪካ ውስጥ ሲሆን፣ በ1971 እ.ኤ.አ. ቴክሳስ ላይ መብረር የጀመረው ሳውዝዌስት ለብዙዎቹ አርአያ ሆኗል። እነዚህ ድርጅቶች በአብዛኛው አንድ ዓይነት አውሮፕላን ብቻ ይይዛሉ፤ ስለዚህ አብራሪውን፣ መካኒኩንና መለዋወጫውን ለአንድ ዓይነት ብቻ ያዘጋጃሉ። አውሮፕላኑ መሬት ላይ የሚቆምበትን ጊዜ ያሳጥራሉ፤ ቆሞ የዋለ አውሮፕላን ቆሞ እንደዋለ ታክሲ ነው። መቀመጫ ያበዛሉ፣ ሻንጣ ከሌላ አየር መንገድ ተቀብለው አያሸጋግሩም፣ ምግብና የመቀመጫ ምርጫን ከትኬቱ ነጥለው ይሸጣሉ። የጥገናና የአብራሪዎች ዕረፍት ሕግ ግን ለውዱም ለርካሹም አንድ ነው፤ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣናት ለትኬት ዋጋ ብለው የሚያላሉት ደንብ የለም። በሰባት ዓመት ውስጥ ለነፍሴ የሚያሰጋ ነገር አንድም ቀን አላየሁም።

አሁንም የሚመሰገን ነገር አለው። አውሮፕላኖቹ ንጹሕ ናቸው። መቀመጫው ወደ ኋላ አይዘነበልም፣ ለረጅም ሰውም ይጠብባል፤ ሌሊቱን ለሚያሸልብ እንደ እኔ ላለ ሰው ግን ይበቃል። በደብተሬ ካሉት አሥራ አራት በረራዎች አሥራ አንዱ ከተባለው ሰዓት በግማሽ ሰዓት ልዩነት ውስጥ ተነሥተዋል። በብር የምንከፍለው መናሩንም በእነሱ ላይ አላላክክም፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከመቶ ብር አለፈ፤ ከውጭ የሚመጣ ነገር ሁሉ አብሮ ወጣ። ከዚህ በታች ዋጋዎቹን በዶላር የማነጻጽረው በዚህ ምክንያት ነው።

ስሜቴን የለወጠው የዋጋው መጨመር አልነበረም። በመስከረም 2017 ዓ.ም. በስልኬ ትኬት ልቆርጥ መተግበሪያውን ስከፍት የመጀመሪያው ገጽ ላይ የነበረው ዋጋ 219 ዶላር ነበር። በ2011 ዓ.ም. ከነበረው በ26 ዶላር ያነሰ ነውና ደስ ብሎኝ ቀጠልኩ። በሁለተኛው ገጽ ላይ ሻንጣ እንደሌለው ተረዳሁ፤ 20 ኪሎ ለመጨመር ለአንድ መንገድ 38 ዶላር ተጠየቅኩ። በሦስተኛው ገጽ የአውሮፕላኑ ሥዕል መጥቶ መቀመጫ ምረጪ አለኝ፤ መምረጥ ግዴታ አልነበረም፤ ሳልመርጥ የማልፍበት ቃል ግን ከታች በደቃቅ ፊደል ተጽፎ ስለነበር አላየሁትም፤ ለሁለቱ መንገድ 12 ዶላር ተጨመረ። በመጨረሻው ገጽ በካርድ ስለከፈልኩ ሌላ 7 ዶላር ተቆረጠ። ድምሩ 314 ዶላር ሆነ። የቀድሞውን 30 ኪሎ ለማግኘት ብፈልግ ደግሞ 350 ይደርስ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። 350 ዶላር በ2017 ዓ.ም. ለዚህ ጉዞ ፍትሐዊ ዋጋ ሊሆን ይችላል። ነዳጅ አለ፣ የአውሮፕላን ማረፊያ ክፍያ አለ፣ ደመወዝ አለ። «350 ነው» ብለው ቢጽፉት ኖሮ እከፍል ነበር፤ ዛሬም ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር። እኔ በሱቄ አንድን የሕፃን ቀሚስ 900 ብር ብዬ አስቀምጬ፣ ደንበኛዋ ገንዘቧን ስታወጣ «ለቁልፉ 150፣ ለመቀነቱ 200፣ ለፌስታሉ 20» ብላት በሚቀጥለው ዓርብ አትመጣም፤ ባትመጣም አልቀየማትም። በርግጥ ሻንጣ ለማይዝ ሰው ነጥሎ መሸጡ ይጠቅመዋል፤ ሻንጣ የሌለው የቢሮ ሠራተኛ የእኔን 30 ኪሎ የሚከፍልበት ምክንያት የለም። ከደሴና ከኮምቦልቻ ወደ ባሕረ ሰላጤ የሚሄድና የሚመለስ ሰው ግን ማን ነው? ነጋዴ ነው፣ ለዓመታት ሠርታ ወደ ወላጆቿ የምትመለስ ልጅ ናት፣ ልጇን ልትጠይቅ የምትሄድ እናት ናት። ከእነዚህ መካከል ባዶ እጁን የሚጓዝ አንድም ሰው አላውቅም።

ሁለተኛው ነገር የሰዓት ለውጥ ነው። ለአዲስ አበባ ነዋሪ የበረራ ሰዓት ተቀየረ ማለት ከቤት መውጫው ተቀየረ ማለት ነው። ለእኛ 400 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። ኅዳር 2017 ዓ.ም. ላይ በረራዬ ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ10 ነበር፤ በትኬቱ ላይ በእነሱ አቆጣጠር ዓርብ 03፡10 ተብሎ የተጻፈው ማለት ነው። (ይህ አጻጻፍ ራሱ ስንቱን ሰው እንዳሳሳተ የትኬት ወኪሎች ያውቃሉ፤ ዓርብ ተብሎ ተጽፎ ሲያዩ ሐሙስን ደሴ አድረው የሚነሡ አሉ።) ሐሙስ ጎሕ ሳይቀድ በአውቶቡስ ተነሣሁ። ሐረጎን ወርደን፣ ኮምቦልቻን፣ ከሚሴንና ሸዋ ሮቢትን አልፈን ደብረ ሲና ለምሳ ስንቆም ሰባት ሰዓት ሆኖ ነበር። ቆሎ የምትሸጠው ልጅ ብሯን እየቆጠረች ሳለ ስልኬ ጮኸ። መልእክቱ በረራዬ ወደ ሐሙስ 15፡40 መሸጋገሩን ይገልጻል፤ ይህም በዚያው ዕለት ከቀኑ 9 ሰዓት ከ40 ነው። ጣርማ በርን ገና አልወጣንም ነበር። ክንፍ ቢኖረኝም አልደርስም።

ወደ ደንበኞች አገልግሎት ደወልኩ፤ ቁጥሩ የውጭ አገር ነው። ለሃያ አምስት ደቂቃ ሙዚቃ ከሰማሁ በኋላ በትሕትና የምትናገር ሴት በእንግሊዝኛ አነጋገረችኝ። ለውጡ በዋዜማው ምሽት በኢሜይል መላኩን፣ ኢሜይሉም የደረሰው ትኬቱን በቆረጠልኝ ወኪል አድራሻ እንደሆነ ነገረችኝ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ባለው በረራ ያለ ክፍያ እንደምታሸጋግረኝም ነገረችኝ። እሷ የተፈቀደላትን ሁሉ አደረገች። አዲስ አበባ ሁለት ሌሊት አልጋ ያዝኩ፤ ከጅምላ ሻጩ ጋር የነበረኝ ቀጠሮ አለፈ፤ ለክረምት የያዘልኝን ጃኬት ለሌላ ሰጠው። ከዚህ ሁሉ የተመለሰልኝ ነገር የለም፤ በውሉ መሠረትም እንደማይመለስ በኋላ አንብቤ አረጋገጥኩ። ከዚያ ወዲህ ትኬቱን በራሴ ስልክ ቁጥርና በራሴ ኢሜይል ብቻ እቆርጣለሁ፤ ወኪል ዘንድ የምትቆርጡ ሁሉ የእናንተ ስልክ መመዝገቡን ዓይናችሁ እያየ አረጋግጡ።

የሻንጣውን ጉዳይ አጠር አድርጌ ልለፈው። ለ2017ቱ ዒድ አልፈጥር የልጆች ልብስ ይዤ ስመለስ ሻንጣዬ ከእኔ ጋር አልደረሰም፤ የመጣው በዓሉ ካለፈ በኋላ ነው። ዒዱ መጋቢት 21 ቀን ነበርና ያ ልብስ እስከ ሚቀጥለው ዓመት ማስቀመጫ ውስጥ ገባ። ለአንባቢ የሚጠቅመው ግን ከዚያ የተማርኩት ነው። ኢትዮጵያ የተቀበለችው፣ አየር መንገዶች ለተሳፋሪና ለሻንጣ ያለባቸውን ኃላፊነት የሚደነግገው ዓለም አቀፉ የሞንትሪያል ስምምነት እንደሚለው፣ ተሳፋሪ ሻንጣው ተጎድቶ ከደረሰው ከተረከበበት ቀን ጀምሮ በ7 ቀን፣ ዘግይቶ ከደረሰው ደግሞ በ21 ቀን ውስጥ ቅሬታውን በጽሑፍ ማቅረብ አለበት፤ ቀኑ ካለፈ መብቱም ያልፋል። ስለዚህ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሳይወጡ የሻንጣ ማመልከቻውን ቅጽ መሙላት፣ የመለያ ወረቀቱን ቁራጭ አለመጣል፣ ከዚያም በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል። እኔ በአሥረኛው ቀን ጻፍኩ፤ ከሦስት ወር በኋላ የተወሰነ ገንዘብ ከፈሉኝ። የከሰርኩትን አይሸፍንም፤ መክፈላቸውን ግን መመስከር አለብኝ።

ይህን ሁሉ ችዬ ደንበኛቸው ሆኜ ቀጥዬ ነበር። ልቤ የሸሸው ነሐሴ 2017 ዓ.ም. ከባሕረ ሰላጤው ስመለስ፣ ሚዛኑ ፊት ለፊት ተሰልፌ ሳለሁ ነው። ከፊቴ ከወረባቦ የመጣች ልጅ ነበረች፤ ሦስት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ወደ አገሯ መመለሷ ነው። ሻንጣዋ 29 ኪሎ መዘነ። ስትመጣ የተፈቀደላት 30 ኪሎ ስለነበር በአሠሪዎቿ ሚዛን እየመዘነች፣ አንድ ኪሎ እንኳ ትርፍ ትታ ነው ያዘጋጀችው። አሁን ግን አሠሪዋ የቆረጠላት ትኬት 20 ኪሎ ብቻ ነው። ለዘጠኙ ትርፍ ኪሎ የተጠየቀችው ገንዘብ በቦርሳዋ ከያዘችው በላይ ነበር። ሻንጣዋን ወለሉ ላይ ከፈተችው። የነብር ሥዕል ያለበት ወፍራም ብርድ ልብስ ከላይ ነበር፤ እሱን አወጣችና እንደ ሕፃን ታቅፋ ቆመች። ከሥሩ የታናሽ ወንድሟ የትምህርት ቤት ቦርሳ፣ የእናቷ ሁለት ቀሚስ፣ የቴምር ካርቶን፣ በጨርቅ የተጠቀለለ የእጅ ባትሪ ነበር። ሁለቱን ቀሚሶች አባያዋ ላይ ደርባ ለበሰቻቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «እትዬ፣ ቴምሩን ትይዢልኛለሽ?» አለችኝ። የሰው ዕቃ መያዝ አደገኛ መሆኑን አውቃለሁ፤ ለማንም አልመክርም። ካርቶኑ ግን የሱቅ እሽጉ ያልተነካ ነበር፤ ሁሉንም ነገር ደግሞ ፊት ለፊቴ ነበር የዘረገፈችው። ወሰድኩላት። ብርድ ልብሱ ግን አልሆነም፤ ከሚዛኑ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ አጣጥፋ፣ ጠርዙን አስተካክላ ትታው ሄደች።

መዛኙ ወጣት ክፉ ሰው አልነበረም። «እህቴ፣ ደንቡ ነው፤ ሲስተሙ አያሳልፈኝም» ነበር ያለኝ። እውነቱን ነው። በ2014 ዓ.ም. «ይለፍ» ያለኝ ልጅ ይኖረው የነበረው ሥልጣን ለዚህኛው አልተሰጠውም። እኔ ያን ሌሊት በአውሮፕላኑ ውስጥ ዓይኔን ሳልከድን ያሰብኩት ስለ ኪሎው ብዛት አልነበረም፤ 20 ኪሎም ሕግ ነው፣ 30 ኪሎም ሕግ ነው። ያሳዘነኝ ለውጡን ማወቅ የሚችለው አራት ገጽ በእንግሊዝኛ አንብቦ የሚያልፍ ሰው ብቻ መሆኑ፣ የማያውቀው ደግሞ የሚማረው ሚዛኑ ላይ፣ ሰው ፊት፣ ሻንጣው ተከፍቶ መሆኑ ነው። አየር መንገዱን የወደድኩት እንደዚህች ልጅ ያሉ ሰዎች ወደ ቤታቸው የሚመለሱበት አቅም ስለሰጣቸው ነበር።

ይህ የአንድ ድርጅት ጉዳይ እንዳልሆነም አውቃለሁ። ቀደም ብዬ የጠቀስኩት ሳውዝዌስት እንኳ ለደንበኞቹ ሁለት ሻንጣ በነፃ መጫኑን እንደ መታወቂያው ሲያስነግር ኖሮ፣ ከግንቦት 20 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለሚቆረጡ ለአብዛኞቹ ትኬቶች ሻንጣን ማስከፈል ጀምሯል። ያን ዜና ሳነብ የማላውቃቸው የቴክሳስ ሰዎች አሳዘኑኝ።

አሁን ያለሁበትን ልናገር። የእጅ ዕቃ ብቻ ይዤ ለአጭር ቀጠሮ ስሄድ፣ አዲስ አበባም በሌላ ጉዳይ ቀድሜ ከደረስኩ፣ ዛሬም በእነሱ እበራለሁ፤ ለእንዲህ ያለው ጉዞ 219 ዶላሩ እውነተኛ ዋጋ ነው። ሻንጣ ካለኝ ግን ሙሉውን ሒሳብ በወረቀት እሠራለሁ፦ የመጨረሻው ገጽ ዋጋ፣ የአውቶቡስ ደርሶ መልስ፣ የአዲስ አበባ አልጋና ታክሲ፣ መንገድ ቢዘጋ የምጨምረው አንድ ቀን። በአንድ ትኬት ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ቦሌ ላይ የሚሸጋገር ጉዞ ውድ ነው ብዬ ለዓመታት ጠይቄው እንኳ አላውቅም ነበር። በዚያኛው ሻንጣዬን ኮምቦልቻ ላይ አስረክቤ የምቀበለው መድረሻዬ ላይ ነው፤ የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጠኝ በሚቀጥለው የማሳፈሩ ኃላፊነት የአየር መንገዱ ነው። ሁለት ለየብቻ የተቆረጡ ጉዞዎችን ስቀጥል ግን የመሐሉ ኃላፊነት ሁሉ የእኔ ነው።

ባለፈው ወር የጎረቤቴ ልጅ ሱቅ መጣ። እናቱ አራስ እኅቱን ልትጠይቅ ልትሄድ ነው፤ እኔ ለዓመታት የመከርኩትን አየር መንገድ በስልኩ ከፍቶ 219 የሚለውን አሳየኝ። አጠገቤ አስቀምጬው እስከ መጨረሻው ገጽ አብረን ሄድን፤ ከዚያ የአውቶቡሱንና የአልጋውን ወጪ ደመርን፤ 369 ዶላር ሆነ። ከኮምቦልቻ የሚነሣውን ጠየቅን፤ 381 ነበር። ልጁ ሁለቱን ቁጥሮች ለጥቂት ጊዜ ካየ በኋላ «አሥራ ሁለት ዶላር ነው፣ እማዬ ሐረጎን ወርዳ ትገባለች» አለና ከኮምቦልቻ ቆረጠ። በነጋታው እናቱ የገንፎ ዱቄቱን፣ በርበሬውንና ቅቤውን በሻንጣ አድርገው ወደ ሱቁ አመጡት፤ የኋላ ክፍል ባለው የጨርቅ ሚዛኔ ላይ አወጣነው። 21 ኪሎ ከ400 ግራም ነበር። ትኬቱ ላይ የተጻፈው 23 ነው። «ትንሽ በሶ ልጨምር?» ብለው ጠየቁኝ። «ይጨምሩ፣ አብሽሩ» አልኳቸው።